ቀላል ፍላጻ ክንድ ይሰብራል፦ ከኮምቦልቻ ጋራዥ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 9

ዛሬ ከቁራሌው ተራ አንድ የፒካፕ ባሌስትራ ገዛሁ። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ወርዱ 60 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ነው። ዝገት አለው እንጂ ስንጥቅ የለውም። ሻጩ «መኪናህ ምንድን ናት?» አለኝ። «ለመኪና አይደለም፣ ቀስት ልሠራበት ነው» አልሁት።

ባሌስትራ የሚለውን ቃል በቀን አሥር ጊዜ እንጠራዋለን። ከደሴ በሐረጎ የሚወርደው ጭነት መኪና ሁሉ ቀኑ ሲደርስ እኛ ዘንድ ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜ የተሰበረው ባሌስትራው ነው። ቃሉ እንደ ሞርሳና እንደ ዳዶ የጣሊያን ነው። በጣሊያንኛ ግን ባሌስትራ ማለት መጀመሪያ የመኪና ዕቃ አይደለም። በእንጨት ግንድ ላይ ተጋድሞ በቃታ የሚለቀቅ ቀስት ማለት ነው። የመኪናው ብረት ስሙን ያገኘው ያንን የሚጎብጠውን የቀስት ክንድ ስለሚመስል ነው። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ነገሩ አልለቀቀኝም። ብረቱን ወደ ጥንት ሥራው ልመልሰው ፈለግሁ።

ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። አደን አልወጣም። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። በእኛው በደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ላይ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚጠበቁበት ፓርክ አለን፤ በእነሱ መኖር ደስ ይለኛል። የምተኩሰው ከጋራዡ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ከድንጋዩ ግንብ ሥር፣ በጭድ ከረጢት ላይ ነው። ቀበሌም ሄጄ ምን እንደምሠራ አሳውቄያለሁ።

ኅዳር 12

ብረቱን ቆረጥሁ። ከመሐሉ 38 ሚሊ ሜትር ወርድ ተውሁለት፤ ወደ ጫፎቹ እየሳሳ 20 ይደርሳል። ርዝመቱ 75 ሳንቲ ሜትር ነው።

ብረት ያስተማሩኝ ሽማግሌ መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ። አባባ ነው የምላቸው። ግራይንደሩን ባስነካሁ ቁጥር «ውኃ! ውኃ!» ይላሉ። ባሌስትራ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ተገርቶ ነው። ግራይንደር ላይ እስኪቀላ ከጋለ ያ ሁሉ ይጠፋል። ወይ እንደ ሽቦ ጎብጦ ይቀራል፣ ወይ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ብየዳማ ጭራሽ አይታሰብም። አባባ አንድ መለኪያ ሰጡኝ፦ «እጅህ መያዝ ካልቻለ፣ ብረቱም አልቻለም።» ሙሉ ቀን ፈጀ።

ኅዳር 20

ግንዱ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለስላሳ እንጨት ነው፤ በቢላ እንኳ ይታዘዛል። ቃታውን ከብረት ቁርጥራጭ ሠራሁ። ጅማት ያደረግሁት የሞተር ሳይክል የፍሬን ካቦ ነው፤ አይበጠስም ብዬ። ካቦው የሚያርፍበትን ጥርስ ከሁለቱም ጫፍ በሦስት ማዕዘን ሞረድ አወጣሁ።

ክንዱ ቢሰበር እንዳይፈናጠር ሙሉውን በጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠቀለልሁት። የብረት ክንድ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ይህን እንዳይዘል። የዛሬ ሥራዬ ውስጥ ትልቁ እሱ ነው።

ፍላጻዎቹ ከሸምበቆ ናቸው። ጫፋቸው ላይ ሚስማር፣ ጀርባቸው ላይ የዶሮ ላባ። የመጀመሪያውን ስለቅ ዓይኔ አልያዘውም። ጭዱ ላይ «ጧ» ሲል ብቻ ሰማሁ።

ኅዳር 23

ሦስት ቀን ሙሉ ፍጥነት ሳሳድድ ዋልሁ። ሚስማሩን አሳጠርሁ፣ ሸምበቆውን አሳሳሁ። ፍላጻው በቀለለ ቁጥር ይበልጥ ይሮጣል። የሰፈር ልጆች ግንቡ ላይ ተደርድረው «ወላሂ ጥይት ነው!» ይላሉ። እኔም ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ግን መዝግቤ ልለፍ። በየአሥሩ ተኩስ ክንዱን ከግንዱ ጋር ያሰሩት ዳዶዎች ይላላሉ። አጠብቃለሁ፤ ተመልሰው ይላላሉ። እጄንም ይነዝረኛል። ድምፁ ደግሞ መዶሻ ባዶ በርሜል ላይ እንደማሳረፍ ነው።

ኅዳር 27

ተሰነጠቀ።

ሰባኛው አካባቢ ላይ ነበርሁ። በጣም የቀለለውን ሸምበቆ ጫንሁ። ቃታውን ስስብ የሸምበቆው ቂጥ ተፈረከሰና ካቦው ከላዩ አለፈ። ፍላጻው ሦስት ሜትር ሄዶ ወደቀ። ቀስቱ ባዶውን ተኮሰ ማለት ነው። ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ። ረዳቴ ከወዲያኛው ጥግ «ምን ፈነዳ?» ብሎ ሮጦ መጣ።

በዓይን ሳየው ክንዱ ደህና ነው። አባባ ግን አላመኑም። ላስቲኩን አስወለቁኝ። ነጭ ጋዝ በጨርቅ ነክረው ክንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀቡት። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ጋዙን እስኪደርቅ አጥብቀው ጠረጉና ከትምህርት ቤት የመጣ ጠመኔ ፈጭተው በተኑበት። ክንዱ ሁሉ ነጭ ሆነ። እንደገና ጠበቅን።

በግራው ጫፍ፣ ካቦው ከሚያርፍበት ጥርስ ሥር፣ አንድ ጥቁር መስመር ከነጩ መሐል ቀስ እያለ ወጣ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ርዝመቱ 7 ሚሊ ሜትር። በስንጥቁ ውስጥ ተደብቆ የቀረው ጋዝ ጠመኔውን እያረጠበ ነው የሚታየው። አባባ በጥፍራቸው ጠቆሙና «ይኸውልህ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ቀስቱን ከሞርሳው ፈትቼ አስቀመጥሁት።

ኅዳር 28

ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርሁ።

ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ የተማርሁት ነገር አለ። ድንጋይ ስትወረውር ክንድህ አይታመምም። ፍሬው የተፈለፈለ ቆረቆንዳ በሙሉ ኃይልህ ስትወረውር ግን ትከሻህ ውልቅ የሚል ይመስልሃል። ድንጋዩ የሰጠኸውን ጉልበት ይዞት ይሄዳል። ቆረቆንዳው ይዞ የሚሄደው ትንሽ ነው፤ የቀረው እዚያው ትከሻህ ላይ ያርፋል።

እናቴም ጥጥ የምትነድፍበት ደጋን ነበራት። ጅማቱ ጥጡን ሲመታ ድምፁ የታፈነ ነው። እኔ ተደብቄ ባዶውን ስስበው ይጮኻል። «ባዶውን አትምታው፣ ይሰነጠቃል» ትለኝ ነበር።

ነገሩ ይኸው ነው። ቀስት ሲሳብ ጉልበት ያጠራቅማል። ሲለቀቅ ያ ጉልበት ወደ ሁለት ይከፈላል፤ ከፊሉ ፍላጻው ላይ ይሳፈራል፣ ከፊሉ ክንዱና ጅማቱ ውስጥ ይቀራል። ክንዱ ወደፊት ተወርውሮ ጅማቱ ድንገት ሲያቆመው፣ የቀረው ጉልበት ብረቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ ጫፎቹን ይገርፋቸዋል፣ ዳዶ ይፈታል፣ ይጮኻል። ዳዶዎቹ ሲላሉ ቀስቱ እየነገረኝ ነበር።

ሙሉ ጥፋቱን ግን ለፍላጻው አልሰጥም። ክንዱ ተስቦ ሲጎብጥ የሚሸከመው ጭነት ፍላጻው ቢቀልም ቢከብድም ያው ነው። ፍላጻው የሚለውጠው ከተለቀቀ በኋላ ያለውን ነው። ስንጥቁ የጀመረው ደግሞ በሦስት ማዕዘን ሞረድ ካወጣሁት ሹል ጥግ ነው። ብረት በሹል ጥግ ይሰነጠቃል፤ ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል። ከባድ ካቦም ነበረው። ሹሉ ጥግ በሩን ከፈተ፣ ቀላሉ ፍላጻ ሰባ ጊዜ አንኳኳ፣ ባዶው ተኩስ ገባ።

ታኅሣሥ 4

ሁለተኛው ክንድ አለቀ። ከአንድ መኪና የወጣ ባሌስትራ ነው፤ ልኩም ያው ነው።

የለወጥኋቸው እነዚህ ናቸው። ጥርሱን በክብ ሞረድ አወጣሁት፤ የትም ቦታ ሹል ጥግ የለውም። የግራይንደሩን ጭረት ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አጠፋሁ፤ የማሸው በርዝመቱ ብቻ ነው። በወርዱ የሚሄድ ጭረት ለስንጥቅ የተቀደደ መንገድ ነው። ካቦውንም ጣልሁትና ከፖሊስተር ክር ጅማት ገመድሁ። በሰም አሸሁት፤ ሰሙን ከባቲ ሰኞ ገበያ የመጣ ዘመድ ነው የሰጠኝ።

ካቦው 38 ግራም ነበር፤ አዲሱ ጅማት 14 ነው። የጅማት ክብደት አንድ ሦስተኛው ፍላጻው ላይ እንደተጫነ ይቆጠራል። ልዩነቱ ፍላጻ ጉልበት አገኘ ወይስ ጅማት በላው ነው።

ታኅሣሥ 10

ዛሬ ወርቅ ቤት ዋልሁ። እስካሁን ፍላጻዎቼን በእጄ እያነሳሁ «ቀላል፣ ከባድ» እል ነበር። ይህ አያዋጣም። የወርቅ ሚዛን የግራም አሥረኛ ያነባል። ባለሱቁ ወዳጄ ነው፤ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ሚዛኑን ለቀቀልኝ።

አምስት ዓይነት አዘጋጀሁ። 15 ግራም፣ 25፣ 35፣ 50፣ 70። ቀላሉ ሸምበቆ ነው፤ ቂጡን በክር አጥብቄ ጠምጥሜበታለሁ። መካከለኞቹ ቀርከሃ ናቸው። ከባዶቹ ወይራ ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ የተቆረጠ ቡሎን ገብቶባቸዋል። ከየዓይነቱ አምስት አምስት።

በውጭ አገር የፍላጻ ክብደት በግሬን ነው የሚነገረው። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ነው፤ መነሻው የእህል ፍሬ ነው። እግረ መንገዴን ከቤት ያመጣሁትን 100 ፍሬ ገብስ መዘንሁ፤ 4 ግራም ተኩል ሆነ። የእኛ ገብስ ከእነሱ ግሬን ይቀላል ማለት ነው። የዘመናዊ ባለቃታ ቀስት አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከ400 ግሬን፣ ማለትም ከ26 ግራም አካባቢ፣ በታች አትጫኑ ይላሉ። የእነሱ ክንድ ፋይበር ግላስ ነው፤ ከብረት እጅግ ይቀላል። እንዲያም ሆኖ ልክ አበጅተውለታል። ከልኩ የወረደ ፍላጻ ለቀስቱ ከባዶ ተኩስ ብዙም አይርቅም። ፋይበር ግላስ ሲጎዳ እንደ ብረት በአንድ መስመር አይሰነጠቅም፤ ቃጫው ይሰነጣጠርና እንደ ስንጥር ይነሳል። ዘመናዊ ቀስት ያለው ሰው ክንዱን በጥጥ ይዳብሰው፤ ጥጡ ከያዘ ችግር አለ።

ታኅሣሥ 14

የቀስቱን ጉልበት ለካሁ። ከእህል ነጋዴ ተንጠልጣይ ሚዛን ተዋስሁ። ጅማቱን በየ3 ሳንቲ ሜትሩ እየሳብሁ ኪሎውን ጻፍሁ። 3 ላይ 11 ኪሎ፣ 6 ላይ 21፣ 9 ላይ 31፣ 12 ላይ 41፣ 15 ላይ 50፣ 18 ላይ 60። 18 ቃታው የሚይዝበት ነው።

ይህን ወረቀት ላይ ስሎ ከመስመሩ በታች ያለውን ስፋት ማስላት ነው። 54 ጁል ወጣ፤ ጁል የጉልበት መለኪያ ነው። ፍላጻው ምንም ይሁን ምን፣ ቀስቱ የሚሰጠኝ 54 ጁል ነው። ከዚህ በላይ አንዲት ጁል የለም። ጥያቄው ማን ስንት ይወስዳል ነው።

ታኅሣሥ 17

የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ የለኝም። ስልክ ግን አለኝ።

ዘዴው እንዲህ ነው። ቀስቱን ከዒላማው 20 ሜትር አርቄ ተከልሁ። ጭዱ ፊት ቆርቆሮ ሰቀልሁ። ስልኬን ቀስቱ አጠገብ አስቀምጬ ድምፅ ቀረጽሁ። ቀረጻው ስልኩ ላይ እንደ ሞገድ ይታያል። ጅማቱ ሲለቀቅ አንድ ጉብታ፣ ቆርቆሮው ሲመታ ሌላ ጉብታ። በመሐላቸው ያለው ጊዜ የሁለት ነገር ድምር ነው፤ ፍላጻው የሄደበትና የቆርቆሮው ድምፅ ወደ ስልኩ የተመለሰበት። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፤ 20 ሜትሩን በ0.058 ሰከንድ ይጨርሳል። እሱን መቀነስ ነው።

ለ15 ግራሙ በጉብታዎቹ መሐል 0.53 ሰከንድ አገኘሁ። 0.058 ሲቀነስ 0.472። 20 ሜትር ለዚያ ሲካፈል በሰከንድ 42.4 ሜትር።

የአምስት አምስት ተኩስ አማካይ ፍጥነትና ፍላጻው ይዞት የሄደው ጉልበት ይህ ነው፦

15 ግራም፦ 42.4 ሜትር በሰከንድ፣ 13.5 ጁል
25 ግራም፦ 39.5 ሜትር፣ 19.5 ጁል
35 ግራም፦ 36.5 ሜትር፣ 23.3 ጁል
50 ግራም፦ 33.7 ሜትር፣ 28.4 ጁል
70 ግራም፦ 30.6 ሜትር፣ 32.8 ጁል

ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደግሜ አየሁት። ልጆቹ «ጥይት» ያሉት፣ እኔም የተደሰትሁበት ቀላሉ ፍላጻ፣ ከ54 ጁል የወሰደው ሩቡን ብቻ ነው። 40 ጁል ቀስቱ ላይ ቀረ። 70 ግራሙ ግን ከግማሽ በላዩን ይዞት ሄደ፤ የቀረው 21 ጁል ነው። ክንዱ ላይ የሚያርፈው ዱላ በግማሽ ቀነሰ።

ፍጥነቱን ደግሞ ተመልከቱ። ፍላጻው ከአራት እጥፍ በላይ ሲቀልል ፍጥነቱ የጨመረው ከ30.6 ወደ 42.4 ብቻ ነው። ያንን ለማግኘት ነው ክንድ የሰበርሁት።

ታኅሣሥ 18

ፖል ክሎፕስቴግ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው ነበር። ቀስትን በቀመር ካጠኑት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው። ሐሳቡን በእኛ አነጋገር ልግለጸው። ማንኛውም ቀስት ፍላጻው ላይ የማይታይ ሸክም ይጭናል። ክንዱንና ጅማቱን ራሱን ለማንቀሳቀስ የሚባክነው ጉልበት፣ ፍላጻው ላይ ተጨማሪ ክብደት የተለጠፈ ያህል ነው። ያ ስውር ክብደት ለአንድ ቀስት ሁልጊዜ አንድ ያህል ነው፤ ፍላጻ ብትቀይርም ብዙ አይቀየርም።

በትናንቱ ቁጥር ሞከርሁት። 54 ጁልን በእጥፍ ወስዶ ለፍጥነቱ ስኩዌር ማካፈል፣ ከዚያ የፍላጻውን ክብደት መቀነስ። ለአምስቱ ፍላጻዎች በተራ 45፣ 44፣ 46፣ 45፣ 45 ግራም ወጣ።

በስልክና በቆርቆሮ ተለክቶ አምስቱም አንድ ቦታ መግጠማቸው አስደነቀኝ። ወረቀቱን ይዤ አባባ ዘንድ ሄድሁ። ቀመሩን አልተከተሉም፤ አምስቱን ቁጥር ግን በጣታቸው እየተከተሉ አዩና «አንድ ናቸው» አሉ። «አንድ ናቸው፣ አባባ።»

የቀስቴ ስውር ክብደት 45 ግራም ነው። 15 ግራም ፍላጻ ስጭን ቀስቱ የሚገፋው 60 ግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከአራት እጅ ሦስቱ ቀስቱ ራሱ ነው። ራሱን ሲወረውር ውሎ ራሱን ሰበረ። የብረት ክንድ ከባድ ስለሆነ ስውር ክብደቱም ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ከባድ ፍላጻ የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ የእንደኔ ዓይነቱን ቀስት ነው።

ታኅሣሥ 20

ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ስለቀየርሁ የፍላጻውን ድርሻ ለብቻ ማየት ፈለግሁ። ዳዶዎቹን እኩል አጠበቅሁና ከዳዶው እስከ እንጨቱ ድረስ በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር አሰመርሁ። 50 ግራሙን 20 ጊዜ ተኮስሁ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ 15 ግራሙን 20 ጊዜ። ሁለቱም ዳዶዎች ሩብ ዙር ዞረዋል። ቀስቱ ያው፣ ጅማቱ ያው፣ እጁ ያው። የተቀየረው ፍላጻው ብቻ ነው።

ከቀረኝ የጭድ ሙከራ በኋላ 15 ግራሙን ወደዚህ ቀስት አላቀርበውም።

ታኅሣሥ 24

የጤፍ ጭድ የገባበት ሰሞን ነው። ከረጢት ሙሉ በእግር እየረገጥን ጠቀጠቅን። ቆርቆሮውን አነሳሁና በ20 ሜትር ተኮስሁ። 15 ግራሙ 9 ሳንቲ ሜትር ገባ። 25ቱ 13፣ 35ቱ 17፣ 50ው 21፣ 70ው 25።

ፍላጻ እንደ ጥይት በድንጋጤ አይገድልም። የሚገድለው ስለቱ ጠልቆ ሳንባና የደም ሥር ሲቆርጥ ነው። ጠልቆ ካልደረሰ እንስሳው ቆስሎ ያመልጣል፤ ጫካ ውስጥ ሦስት ቀን ተሠቃይቶ ይሞታል። በሕጋዊ ፈቃድ የሚያድን ሰውም ቢሆን በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ይገባል?» ብሎ ይመስለኛል። «ስንት ይሮጣል?» ኋላ ይመጣል።

ከባዱ ነውር የለውም አልልም። ይወድቃል። 20 ሜትር ሲደርስ 15 ግራሙ 1.1 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ 70 ግራሙ 2.1። ማነጣጠሪያውን ለ20 ሜትር ካስተካከልህ ይህ ችግር አይደለም። ችግሩ ርቀቱን ስትስት ነው። 20 ብለህ የገመትኸው 23 ሆኖ ከተገኘ 15 ግራሙ 19 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይመታል። 70 ግራሙ 36። በ36 ሳንቲ ሜትር የሳተ ፍላጻ፣ ሳንባ ያሰብኸው እግር ላይ ነው የሚያርፈው። ገመድ ይዤ ግቢው ውስጥ ርቀት በዓይን እየገመትሁ ራሴን ፈተንሁ። ከአሥር ጊዜ አራቱን ከ2 ሜትር በላይ ሳትሁ። ስለዚህ 70 ለእኔ ከበደ።

ጥር 2

ወደ ሐይቅ መንገድ ከሚኖሩ አንድ አዛውንት ጋር ቡና ጠጣሁ። በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ፤ በጠመንጃ ነው። የቀስቴን ነገር ስነግራቸው ስለ ፍጥነት አንድም አልጠየቁኝም። «ድምፁስ?» አሉኝ። «ድኩላ ስታነጣጥርበት ጆሮው አንተ ላይ ነው። ቅጠል ከተንኮሻኮሸ ዘሎ ሌላ ቦታ ነው።»

ቤት ተመልሼ ሒሳቡን ሠራሁ። የጅማቱ ድምፅ 20 ሜትር ላይ ያለ እንስሳ ጆሮ የሚደርሰው በ0.058 ሰከንድ ነው። ቀላሉ ፍላጻዬ የሚደርሰው በ0.47። ከባዱ በ0.65። በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ የሚሄደው ዘመናዊ ቀስት እንኳ 0.2 ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። የትኛውም ፍላጻ ድምፁን አይቀድምም። እንስሳው ሁልጊዜ ቀድሞ ይሰማል። ስለዚህ የሚሻለው ቀስት ሲለቀቅ የማይጮኸው ነው፤ የማይጮኸው ደግሞ ጉልበቱን ለፍላጻው የሰጠው ነው።

የድሮ ቅጂዎቼን ከፍቼ አየሁ። የ15 ግራሙ ጉብታ ረጅም ጭራ አለው፤ ከተለቀቀ በኋላ እየተንቀጠቀጠ ይቆያል። የ50 ግራሙ አጭር ነው፤ «ድብ» ብሎ ያበቃል። እናቴ ጥጥ ስትነድፍ የነበረው ድምፅ ነው።

ጥር 20

300 ተኩስ ሞላ። ካለፈው ወር ወዲህ የተኮስሁት 35 እና 50 ግራም ብቻ ነው። በየ25ቱ ነጭ ጋዝና ጠመኔ እያደረግሁ መርምሬዋለሁ። ዛሬም ላስቲኩን አውልቄ ቀባሁ፣ ጠረግሁ፣ ጠመኔ በተንሁ። አባባ አጎንብሰው ሁለቱንም ጥርስ ብዙ ጊዜ አዩ። ነጭ ነው። አንድም መስመር የለም። «አብሽር፣ ተኩስ» አሉኝ።

50 ግራም ላይ ቆምሁ። ከ35 ወደ 50 ስሄድ 5 ጁል ተጨማሪ ለፍላጻው ገባ፣ ዳዶውም ጸና። ከ50 ወደ 70 የማገኘው 4 ጁል ተኩል ነው፤ ለዚያ የምከፍለው መውደቅ ይበዛብኛል። ርቀት አሳምሮ የሚገምት ሰው 70ውን ቢመርጥ አልከራከረውም። ክንዱ ያመሰግነዋል።

የመጀመሪያውን ክንድ ከመሐሉ ቆረጥሁት። ደህናውን ግማሽ አባባ ወሰዱና ፍም ውስጥ ከትተው ማጭድ ቀጠቀጡበት። የተሰነጠቀውን ጫፍ ከሞርሳው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ረዳቴም የሚመጣ ልጅም እንዲያየው።

ጥር 23

12 የወይራ ፍላጻ ጨርሼ ወርቅ ቤት ወሰድሁ። በ50 ግራም ላይ የ1 ግራም ልዩነት 20 ሜትር ሲደርስ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ እኩል መሆን አለባቸው። አሥሩ ከ49.6 እስከ 50.3 ሆኑ። ሁለቱ 53 መዘኑ። አሁን ሞርሳው ላይ ናቸው፤ የቡሎናቸውን ጫፍ በሞረድ እያሳነስሁ ነው።